ከእሳት የተረፈ ሸክላና ካሴት እንዴት ይያዛል?

ነበልባሉ ካልደረሰበት ክፍል የወጣ የሙዚቃ ሸክላ በማግስቱ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ሲበላሽ ማየት የተለመደ ነው። የቤት እሳት ጥላሸት ቅባት አለው። ደረቅ ሳለ በብሩሽ ይራገፋል፤ ውሃ ሲነካው ግን ይላቆጥና የሸክላው መስመር ውስጥ፣ የሽፋኑ ወረቀት ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያወጣው የለም። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ መግባት ከተፈቀደ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ እጅን መሰብሰብ ነው።

ምን እንደሚተርፍ ለመገመት ሙቀቱን ማወቅ ይጠቅማል። ሸክላ የሚሠራበት ፒቪሲ የተባለ ፕላስቲክ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መለስለስና መጣመም ይጀምራል። የካሴት ሳጥን እስከ 100 ዲግሪ ገደማ ይችላል። የካሴቱ ክር ደግሞ ፖሊስተር ስለሆነ የሚቀልጠው 250 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ይኮማተራል። ድምፁን የያዘው የብረት ዱቄት መግነጢስነቱን የሚያጣው ከ500 ዲግሪ በላይ ነው። እንግዲህ ሳጥኑ የተጨማደደ ካሴት ሞተ ብሎ መጣል ትልቅ ስህተት ነው፤ ውስጡ ያለው ክር ደህና ሊሆን ይችላል። ሸክላ ግን መስመሩ ራሱ ድምፁ ነውና ቅርጹ ከጠፋ ጠፋ።

የመደርደሪያው ከፍታም ይወስናል። ክፍል ሙሉ በሙሉ ወደ መንደድ ሲቃረብ ጣሪያው ሥር ያለው አየር እስከ 500 ዲግሪ ይደርሳል፤ ወለሉ አጠገብ ያለው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለው ሲቀልጥ ታችኛው ላይ ያለው ከሙቀቱ ይተርፍና የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚረጩት ውሃ ያገኘዋል። ተጠጋግቶ በቁመት የተደረደረም ዳር ዳሩ ቢቃጠል መሃሉ ብዙ ጊዜ ይድናል፤ አየር አያገኝምና።

ጓንትና ኤን95 ጭምብል ሳያደርጉ መግባት አይገባም። ፕላስቲክ በተለይም የኤሌክትሪክ ገመድ ሽፋን ሲነድ የሚወጣው ጭስ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሆናል። ይህ አሲድ የቴፑንና የድምፅ ማጉያውን የውስጥ ቦርድ ይበላል። ጭስ የጠጣ ማጫወቻ "ይሠራ ይሆን?" ብላችሁ ሶኬት ላይ አትሰኩት፤ ተከፍቶ ሳይጸዳ ኤሌክትሪክ ካገኘ ሊተርፍ የነበረውም ይቃጠላል።

ምንም ነገር ከቦታው ሳይነሳ ፎቶ አንሱ። ኢንሹራንስ ላለው ሰው ይህ የግድ ነው። አሜሪካ ተከራይተው የሚኖሩ ወገኖች ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ፦ የቤቱ ባለቤት ኢንሹራንስ የተከራዩን ዕቃ አይሸፍንም፤ የተከራይ ኢንሹራንስ ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል። ውሉ ዕቃውን ያረጀበትን ቀንሶ የሚከፍል ከሆነ ለ50 ዓመት ሸክላ የሚደርሳችሁ የሻይ ገንዘብ ነው። ብርቅ ሸክላና ፊርማ ያለበት ፎቶ በዝርዝርና በግምት ዋጋ አስቀድሞ ውሉ ላይ ቢገባ ይሻላል። ገማቹ መጥቶ ሳያይም የቀለጠውን ቁራጭ እንኳ አትጣሉ።

የቀለጠ ሸክላ ሌላም ጥቅም አለው። መሃሉ ላይ ያለው ክብ ወረቀት ከተነበበ ቁጥሩን መዝግቡ፤ በኤኢ የሚጀምረው የአምሃ ሪከርድስ፣ በኬኤፍ የሚጀምረው የካይፋ ነው፤ ሁለቱም የሸክላ አሳታሚዎች ናቸው። ወረቀቱ ቢቃጠልም በወረቀቱና በመጨረሻው መስመር መካከል ባለው ልሙጥ ቦታ የተጫረ ቁጥር አለ፤ ባትሪ መብራት በአግድም ስታበሩበት ይታያል። በዚያ ቁጥር ሌላ ቅጂ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። በ1960ዎቹ የታተሙት እነዚያ በደቂቃ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ዛሬ ከሰው ቤት ውጪ ብዙም አይገኙምና ቁጥሩ ራሱ ሀብት ነው።

ወደ ጽዳቱ ስንመጣ፣ ቅርጹ ያልተነካ ሸክላ መጀመሪያ በደረቁ ይጸዳል። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ያዙና መስመሩን ተከትላችሁ በዙሪያው አራግፉ፤ ከመሃል ወደ ዳር መጥረግ ጥላሸቱን አሸዋ ያደርገዋል፣ መስመሩን ይቧጭራል። ጥላሸቱ በብሩሹ ላይ መታየት ሲያቆም ብቻ ነው ውሃ የሚመጣው። አንድ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ፣ ሽታና ቀለም የሌለው የዕቃ ሳሙና ሁለት ሦስት ጠብታ፣ ክፍል ሙቀት ላይ። መሃሉን ወረቀት ከውሃ ጠብቁ። ከዚያ ሳሙና በሌለው ዲስቲልድ ውሃ አለቅልቆ በቁመት አቁሞ ማድረቅ። አዲስ አበባ ውስጥ ዲስቲልድ ውሃ የሚገኘው ከመኪና ዕቃ መደብር ነው፤ የባትሪ ውሃ እንጂ የባትሪ አሲድ አለመሆኑን ጠርሙሱን አንብባችሁ አረጋግጡ፣ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። ተሰባሪው ባለ 78 ዙር የድሮ ሸክላ ግን አልኮል ያለበት ነገር ፈጽሞ አይንካው፤ ይሟሟል።

ስለተጣመመ ሸክላ ብዙ የቤት መድኃኒት ይወራል፦ በሁለት መስታወት መሃል አድርጎ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ፣ ምድጃ ውስጥ መክተት፣ በካውያ መተኮስ። ሸክላው ቀጥ ሊል ይችላል፤ መስመሩ ግን ይደፈጠጣል። ሌላ ቅጂ ለሌለው ሸክላ ይህን መሞከር ተገቢ አይደለም። የተሻለው መንገድ ባለ 45 ዙሩን በ33 ዙር ማጫወት ነው። መርፌው ከጉብታው ላይ አይዘልም። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ፍጥነቱን በ1.35 ማባዛት ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ማጉያው የሚያደርገው የአርአይኤኤ ማስተካከያ (ሸክላ ሲታተም ሆን ተብሎ የተለወጠውን የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ሚዛን የሚመልሰው) የሚሠራው በትክክለኛው ፍጥነት ስለሆነ ድምፁን ያለማስተካከያው ቀድቶ ፍጥነቱ ከተስተካከለ በኋላ መጨመር ያስፈልጋል። ይህን የዘለለ ሰው ድምፃዊው አፍንጫውን ይዞ የሚዘፍን ይመስለዋል።

ካሴት ላይ ጊዜ ወስዶ መሥራት ያዋጣል፤ ሥራው ክሩን ከተጎዳው ሳጥን ወደ ደህና ሳጥን ማዛወር ነው። አንድ ርካሽ፣ ጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ፣ በአምስት ብሎን የሚታሰር ካሴት ግዙ፤ የተጣበቀው ዓይነት ለመለዋወጫ አይሆንም። የገዛችሁትን ካሴት ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ክፈቱና ክሩ የሚሄድበትን መንገድ ፎቶ አንሱ፦ ሁለቱ ጥግ ያሉት ትንንሽ ሮለሮች፣ መሃል ያለው ስፖንጅ የተለጠፈበት ቀጭን ብረት፣ ከላይና ከታች ያሉት የሚያንሸራትቱ ልሙጥ ወረቀቶች። ከዚያ የራሱን ክር አውጡ። የተጎዳውን ሳጥን ስትሰብሩ ቢላዋውን ከዳር በኩል እንጂ ከክሩ በላይ አታስገቡ። ሁለቱን ጥቅልሎች በልሙጥ ወረቀቶቻቸው መሃል ይዛችሁ፣ ሳታዘነብሉ፣ በአንድ ጊዜ አዛውሩ፤ አንዱ ጥቅልል ከመሃሉ ከተፈናጠረ መልሶ መጠቅለል የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የክሩ ደብዛዛ ፊት ወደ ውጪ፣ የሚያብረቀርቀው ወደ ውስጥ መሆኑን ሳታዩ ክዳኑን አትግጠሙ።

ክሩ ውሃ የገባበት ከሆነ በዲስቲልድ ውሃ ይታጠብና በክፍል አየር ይደርቃል፤ የፀጉር ማድረቂያ፣ ፀሐይ፣ ከሰል አጠገብ ማስቀመጥ ክሩን ያጣጥፈዋል። ከደረቀ በኋላ ማጫወቻ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በቢክ እስክሪብቶ ከጫፍ ጫፍ ቀስ ብሎ ማዞር ነው። የሚጎትት ነገር ከተሰማችሁ ቁሙ፤ ተጣብቋል ማለት ነው፣ በኃይል ከተጎተተ የብረት ዱቄቱ ተላጦ ድምፁ ይሄዳል። ለተበጠሰ ክር ተራ ስኮች አይሁን፤ ሙጫው እየፈሰሰ የቴፑን ሄድ (ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበውን ክፍል) ያቆሽሻል፣ ለዚሁ የተሠራ የክር መለጠፊያ አለ። ባለ 60 ደቂቃ ክር ከባለ 90ው ወፍራም ስለሆነ ይህን ሁሉ ይችላል፤ ባለ 120ው በጣም ቀጭን ነውና ከእሳት የወጣ ከሆነ ለባለሙያ ስጡት።

የመጀመሪያው ማጫወት የመጨረሻው ሊሆን ስለሚችል "እስቲ ልስማው" የሚባል ነገር የለም፤ ሲጫወት ይቀዳል። በ24 ቢት፣ በ96 ኪሎ ኸርዝ፣ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዝ ዌቭ ፋይል። አንድ ባለ 60 ደቂቃ ካሴት 2 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ ኤምፒ3 ከዚያ በኋላ ለስልክ ይሠራለታል። ድምፁ ከታፈነ መቅዳቱን ሳታቋርጡ ከቴፑ ሄድ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በስሱ አዙሩ፤ ጥርት የሚልበት ቦታ አለ።

ፎቶና ፖስተር ሌላ ጠባይ አላቸው። እርጥብ ፎቶዎች ተደራርበው ከደረቁ አይላቀቁም፤ እርጥብ ሳሉ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለያዩ፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ አድርቁ። ፊርማ ካለባቸው ግን ወደ ውሃው አትክተቱ፤ ቀለሙ ይለቃል። በ48 ሰዓት ውስጥ ማድረቅ ካልተቻለ ሻጋታ ይጀምራልና በሰም ወረቀት ለያይቶ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ጊዜ ይገዛል። ይህ ለወረቀትና ለፎቶ ብቻ ነው፤ ሸክላና ካሴት ፍሪዘር አይግቡ። ክራርና ማሲንቆ ቆዳቸው በሙቀት ስለሚወጠር ጅማታቸውን ወይም ጭራቸውን ወዲያው ማላላት፣ ቀሪውን ለሠሪው መተው ነው።

ከእሳት በፊት ላላችሁ ደግሞ፦ "እሳት የማይበግረው" ተብሎ የሚሸጠው ካዝና አብዛኛው ለወረቀት ነው። ደረጃው ውስጡ ከ177 ዲግሪ እንዳያልፍ ነው የሚጠይቀው፤ ካርታና ውል ይድናል፣ ሸክላ ይቀልጣል። ለመግነጢሳዊ ክር የሚሆነው ውስጡን ከ66 ዲግሪ በታች የሚያቆየው ነው፤ ዋጋውም ክብደቱም ሌላ ነው። ለዚያ ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ ሁለት ሃርድ ዲስክ ገዝቶ አንዱን ዘመድ ቤት ማስቀመጥ ይሻላል። ግንቦት 24 ቀን 2000 ዓ.ም. ሆሊዉድ በዩኒቨርሳል ግቢ የተነሳው እሳት የሙዚቃ ማስተር (የመጀመሪያው ዋና ቅጂ) የተከማቸበትን መጋዘን ሲበላ የእሳቱ መነሻ ጣሪያ ለመጠገን የተለኮሰ የጋዝ ችቦ ነበር፤ ሠራተኞቹ ሥራቸውን ጨርሰው አንድ ሰዓት ጠብቀዋል፣ የተነሳው ከሄዱ በኋላ ነው። እዚያ የነበረ፣ ሌላ ቦታ ቅጂ ያልነበረው ማስተር በዚያው ቀረ። ሃርድ ዲስኮቹን በዓመት አንድ ጊዜ ሰክታችሁ ፋይሎቹ መከፈታቸውን እዩ፤ ሳይነካ የተቀመጠ ዲስክም ይሞታል።