ከባሕር ውሃ ጋር የዋልኩበት ቀን

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከባሕር ውሃ ጋር ስታገል ዋልኩ። ጨረር እለካለሁ ስል ብዙ ሰው መሣሪያውን ውሃው ላይ ደግኜ ጢቅ ጢቅ ሲል የምሰማ ይመስለዋል። ቢሆንማ በምን ዕድሌ!

ችግሩ የምንፈልገው ሲዚየም 137 የሚባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ኢምንት መሆኑ ነው። ከጃፓኑ የፉኩሺማ ኒውክሌር ማመንጫ አደጋ በፊት በፓስፊክ ውቅያኖስ በአንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ ከ1 እስከ 2 ቤከሬል (የጨረር አመንጪነት መለኪያ ነው) ገደማ ነበር። እሱም በአብዛኛው የድሮ የኒውክሌር ቦምብ ሙከራ ትራፊ ነው። በዚያው ውሃ ያለው የተፈጥሮ ጨረር አመንጪ፣ ፖታሲየም 40 ደግሞ 12,000 ቤከሬል አካባቢ! ሠርግ ቤት ውስጥ ሹክሹክታ እንደማዳመጥ በሉት።

ስለዚህ መጀመሪያ ሲዚየሙን ማጥመድ ነው። 20 ሊትር ውሃ ላይ አሲድ እንጨምራለን። ከዚያ አሞኒየም ፎስፎሞሊብዴት የሚባል ቢጫ ዱቄት እንበጠብጥበታለን። ዱቄቱ ሲዚየሙን ይዞ ይዘቅጣል፤ ፖታሲየሙ በአብዛኛው ውሃው ውስጥ ይቀራል። ዝቃጩ ደርቆ በወፍራም እርሳስ ወደተከበበ ጨረር ቆጣሪ የጀርማኒየም መሣሪያ ይገባል። ቆጠራው ቀናት ሊፈጅ ይችላል። መቸኮል ብሎ ነገር የለም።

እኔ የምወደው ግን የ137ቱን ወንድም፣ ሲዚየም 134ን ነው። በየ2 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ ከቦምቦቹ ዘመን የተረፈ የለም። እ.ኤ.አ. ከ2011 በኋላ ፓስፊክ ውስጥ ሲገኝ ከፉኩሺማ መምጣቱን ያጋለጠው እሱ ነው። አሁን እሱም እየከዳን ነው። 137ቱ ግን በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ይፈጅበታል።

የዛሬው ናሙና ገና እየተቆጠረ ነው። ውጤቱን በኢንቦክስ የምትጠይቁኝ፣ እባካችሁ ታገሱኝ።