ሰፊው ፉቲንግ

ስንጥቁን መጀመሪያ ያየችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ባለ ሦስት ፎቁን ሕንፃ ካስረከብን 8 ወር ገደማ ሆኖት ነበር። ስደርስ ከመሀለኛው ኮለን (ምሰሶ) ግራና ቀኝ ባሉት ግድግዳዎች ላይ ሁለት ስንጥቆች አየሁ። ሁለቱም ከታች ተነስተው ወደ ኮለኑ እያዘነበሉ ሽቅብ ይወጣሉ። "የልስን ነው" አልኩ። ልስን ምስኪን ነው፤ የኛን ጥፋት ሁሉ ይሸከማል።

አለቃዬ መጥተው አንዴ አዩትና፣ "ስንጥቅ ሽቅብ የሚወጣው ወደ ሰመጠው ኮለን ነው። መሀሉ ወርዷል" አሉኝ።

አልተዋጠልኝም። የፋውንዴሽኑን ስሌት የሠራሁት እኔ ነኝ። አፈሩ በካሬ ሜትር 15 ቶን ይችላል ተብሏል። የዳር ኮለኖች ጭነት 21 ቶን ግድም ስለሆነ 1.2 በ1.2 ሜትር ፉቲንግ፣ ማለትም ከኮለኑ ሥር ሆኖ ጭነቱን ለአፈሩ የሚያከፋፍል የኮንክሪት መሠረት፣ ሰጠኋቸው። መሀለኛው 86 ቶን ስለሚያወርድ 2.4 በ2.4 አደረግኩት። አካፍሉት፤ ሁሉም አፈሩን የሚጫኑት እኩል ነው። እኩል ከተጫኑ እኩል ይሰምጣሉ ብዬ ተኛሁ።

በግንባታው ጊዜ ኮለኖቹ ላይ የተውናቸውን ምልክቶች በሌቭል፣ በከፍታ መለኪያው መሣሪያ፣ አነበብን። መሀለኛው 5 ሜትር ርቆ ካለው የዳር ኮለን 18 ሚሊሜትር ዝቅ ብሏል። ሁሉም አብረው 18 ቢወርዱ ማንም ባላወቀ ነበር። ጉዳቱ ያለው ልዩነቱ ላይ ነው። ልዩነቱ ከርቀቱ አንድ ሦስት መቶኛ ሲደርስ ግድግዳ መሰንጠቅ ይጀምራል። ለ5 ሜትር ይህ 17 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አልፈነዋል።

"ጋሼ፣ ጫናው እኮ እኩል ነው" አልኳቸው።

"ከላይ ነዋ! ከታችስ?"

ወረቀት አውጥተው ሁለት ፉቲንግ ሣሉ፤ ከሥራቸው ደግሞ እንደ አምፖል የተንጠለጠለ መስመር። የአራት ማዕዘን ፉቲንግ ጫና ጎልቶ የሚሰማው የስፋቱን እጥፍ ያህል ወደ ታች ነው። ትንሹ 2.4 ሜትር ይወርዳል፣ ትልቁ 4.8። አፈር ስመረምር የቆፈርኩት የሙከራ ጉድጓድ 3 ሜትር ነበር፤ ፉቲንጉ ራሱ 1.5 ሜትር ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ከፉቲንጉ ሥር ያየሁት 1.5 ሜትር ብቻ ነው። እሱም ደረቅና ጠንካራ ስለነበር ደስ ብሎኝ ዘጋሁት።

ከሕንፃው ጎን በማሽን አስቆፈርን። 4 ሜትር ላይ፣ ማለትም ከፉቲንጉ ሥር 2.5 ሜትር ወርዶ፣ በጣት የሚጠነቆል እርጥብ የሸክላ አፈር ወጣ። እዚያ ጥልቀት ላይ ከትንሹ ፉቲንግ የሚደርሰው ከጫናው አንድ አስረኛ ያህል ነው። ከትልቁ ግን ሲሶው ይደርሳል። ፉቲንጉን ሳሰፋው ጭነቱን ያቀለልኩ መስሎኝ ለስላሳው አፈር ድረስ ወስጄ አስረክቤዋለሁ።

የዘገየበትም ምክንያት ያው ሸክላው ነው። አሸዋ ቢሆን ገና ስንገነባ ወርዶ ባለቀ ነበር። ሸክላ ግን የሚታመቀው በውስጡ ያለው ውኃ ሲወጣ ነው፤ ውኃውም በጣም ጠባብ ቀዳዳ ነው የሚያገኘው። ንብርብሩ እጥፍ ቢወፍር ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ስናስረክብ ሸክላው ገና ሥራ መጀመሩ ነበር።

ስንጥቆቹን ወዲያው መድፈን አማረኝ። አለቃዬ ከለከሉኝ። ሕንፃው ገና እየሰመጠ እንደሆነ ለማየት በየስንጥቁ ላይ ጂፕሰም ለጠፍንና ቀን ጻፍንበት። የመጀመሪያው በ3 ሳምንት ተሰነጠቀ። ሁለተኛው 2 ወር ቆየ። ሦስተኛው ዓመት ሞላው፣ አልተነካም። ቀለም ቀቢውን የጠራሁት ያኔ ነው።