የጣናን ወሬ በማሽን ስናጣራ የተማርኩት

ባሕር ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ዜና ክፍል መረጃ አጣራለሁ። ድሮ ሁሉንም በእጅ ነበር የምንሠራው። ቴሌግራም ላይ የተለቀቀውን ማየት፣ መደወል፣ መልስ መጠበቅ። ወሬ ደግሞ አይጠብቅም። አንዱን አጣርተን ሳንጨርስ ሌላው ከተማውን ያዳርሳል። ማሽን ያግዘን ያልነው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የያዝነው ኢንቪድ-ዊቬሪፋይ የተባለውን፣ በነፃ የሚገኝ የቪዲዮና የፎቶ ማጣሪያ ነው። ክሮም ላይ ይጫናል። ቪዲዮ ስትሰጡት ዋና ዋና ምስሎቹን ነጥሎ ያወጣል፤ ምስሎቹን በጉግል፣ በያንዴክስና በቲንአይ ለመፈለግ ያመቻል። ብዙም ሳይቆይ ጠቀመን። «ጣና አለቀለት» የሚል ጽሑፍ የተያያዘበት፣ ጀልባ እምቦጭ በሚባለው የውኃ አረም ተውጣ የምትታይበት ፎቶ ይዞር ነበር። ስንፈልገው ከዓመታት በፊት ኬንያ፣ ኪሱሙ አጠገብ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የተነሳ ሆኖ አገኘነው። በደቂቃዎች አለቀ።

ሁሉም እንዲህ አይቀልም። የአካባቢያችንን ፎቶ ስንፈልግ ብዙ ጊዜ «ምንም አልተገኘም» ይለናል። ይህ ግን ፎቶው አዲስ ነው ማለት አይደለም። እኛ ጋ ፎቶ የሚዞረው በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው፤ የፍለጋ ማሽኖቹ እዚያ አይገቡም። መቼና የት እንደተነሳ የሚናገረው መረጃም ፎቶው ሲላላክ ይራገፋል። ለአዲስ ባልደረቦቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ይህንን ነው፦ ማሽኑ ካገኘ ተከታተሉት፣ ካላገኘ ግን ምንም አልነገራችሁም።

በጣም የወደድኩት ሳተላይቱን ነው። የአውሮፓው ሴንቲኔል-2 በየ5 ቀኑ ገደማ በላያችን ያልፋል። ምስሉ በ10 ሜትር ጥራት በነፃ ይገኛል። እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀበት ከእ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ «ግማሹን ሸፈነው»፣ «ሙሉ በሙሉ ጠፋ» የሚሉ ወሬዎች ተለይተውን አያውቁም። ሐይቁ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ግማሹ ቢሸፈን ከሰማይ ይታያል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ደመናው አያሳይም። ሌላም አለ። አንድ ጊዜ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ያየነውን አረም በቀጣዩ ምስል ላይ አጣነው። «እምቦጩ ጠፋ» የሚለው ፖስት እውነት መሰለ። ጎርጎራ በኩል ለሚያውቁን አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አረሙ ለቀቀ እንዴ?»

«የት ይሄዳል ልጄ! ነፋስ ገፍቶት ነው እንጂ።»

ከዚያ ወዲህ ከአንድ ምስል ተነስተን «ጠፋ» ወይም «ሸፈነ» አንልም። ተከታታይ ምስሎችን እናያለን፤ ዳርቻው ላይ ላለ ሰው እንደውላለን።

ከሁሉ ያደከመኝ የጽሑፉ ነገር ነው። የለንደኑ ፉል ፋክትና የቦነስ አይረሱ ቼኬያዶ የሚባሉ የመረጃ አጣሪ ድርጅቶች መጣራት ያለበትን አባባል ከንግግር ውስጥ የሚለቅም ሶፍትዌር ሠርተዋል። እኛ ለአማርኛ እንዲያ ያለ ዝግጁ ነገር አላገኘንም። ያጣራነውን ሁሉ ኤክሴል ላይ መዘገብን፤ አንድ ፕሮግራመር ጓደኛችን አዲስ የመጣን ወሬ ከመዝገባችን ጋር የሚያመሳክር ፕሮግራም ጻፈልን። መጀመሪያ አልሠራም። አንዱ «ሐይቅ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ሀይቅ»፤ ማሽኑ ሁለት ነገር ያደርጋቸዋል። «የጣና»፣ «ከጣና»፣ «ጣናን» ለእሱ ሦስት ናቸው። ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ ስናመጣ፣ መነሻና መድረሻ ቅጥያዎቹን ስናራግፍ፣ ያጣራነው ወሬ ልብሱን ቀይሮ ሲመጣ መለየት ጀመረ። ቀኑም አስቸግሮናል። ሰው «2012» ሲል የኛን አቆጣጠር ነው፤ ማሽኑ የፈረንጆቹን ይመስለዋል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ያልነውም እዚያ 9 ነው።

«ሐሰት» የሚለውን ቃል ማሽኑ እንዲጽፍ አልፈቀድንለትም። እሱ ይጠቁማል። አጣሪው ይደውላል፣ ማንን እንዳናገረ ይመዘግባል፣ አርታኢው አይቶ ነው የሚወጣው። ያዘገየናል፣ አውቃለሁ። ግን በወሬ ሰው በሚጎዳበት አገር አንድን ሰው ዋሸ ብሎ መጻፍ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን የከበደን ድምፅ ነው። የቲክቶክ ቪዲዮዎችንና የድምፅ መልእክቶችን እስካሁን እያዳመጥን በእጅ ነው የምንጽፈው። የጎጃምን የገጠር አነጋገር በደንብ የሚሰማ ፕሮግራም መሥራት የሚፈልግ የኮምፒውተር ተማሪ ካለ፣ የጻፍነውን ከነድምፁ እንሰጠዋለን።