ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከሥራ ጋር፦ የድጋፍ ቢሮዎቹን እንዴት እንደተጠቀምኩባቸው

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለን ሐበሾች ኮሚኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) የምንገባው ብዙ ጊዜ የሌሊት ሥራ፣ ልጅና የቤት ኪራይ ተሸክመን ነው። ከመንገድ የሚያስቀረን ግን የትምህርቱ ክብደት ብቻ አይደለም። ቅጽ ሳይሞላ ይቀራል፣ ለዲግሪው የማይቆጠር ክላስ ይወሰዳል፣ ክላስ ቀኑ ካለፈ በኋላ ይጣላል፣ ከዚያ ዕዳ ይከተላል። ይህን ሁሉ የሚከላከሉ ቢሮዎች እዚያው ካምፓስ ውስጥ አሉ። እኔ ሥራ ሳላቆም ጨርሼ ወደ ዩኒቨርሲቲ የተሻገርኩት ችግር ሳይመጣ እነሱን በመያዝ ነው፤ ያዋጣኝን ከነምክንያቱ እጽፋለሁ።

መነሻው ፋፍሳ የተባለው የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ ነው። በየዓመቱ ይሞላል፣ ክፍያ የለውም፣ አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። ልሙላላችሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው አትክፈሉ፤ የኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ በነፃ ያግዛል። ከዜጋ ሌላ ግሪን ካርድ ያለው፣ በስደተኛነት የገባና ጥገኝነት የተፈቀደለትም ብቁ ነው። ፔል ግራንት የተባለው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ ለ2025–26 የትምህርት ዓመት ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው። ሙሉውን ያገኘ የአካባቢው ነዋሪ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ክፍያውን ሸፍኖ ብዙ ጊዜ ለመጽሐፍ ይተርፈዋል።

የኛ ሰው በብዛት የሚሰናከለው ቅጹ ውስጥ ነው። ዕድሜው ከ24 በታች የሆነ፣ ያላገባና ልጅ የማያሳድግ ተማሪ ራሱን ችሎ ቢኖርም በአብዛኛው የወላጅ መረጃ ይጠየቃል። ወላጅ የራሱን አካውንት መክፈት አለበት፤ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር ባይኖረውም ይችላል። የታክስ መረጃው እንዲወሰድም ፈቃድ ይሰጣል። ታክስ አስገብቶ የማያውቅ ወላጅ እንኳ ይህን ፈቃድ ካልሰጠ ተማሪው የፌዴራል እርዳታ አያገኝም። ወላጆች ኢትዮጵያ ከሆኑ ገቢያቸው በዶላር ተሰልቶ ይገባል። በስደተኛነት መጥቶ ከወላጆቹ የተለያየ ወጣት ግን ልዩ ሁኔታ እንዳለበት ቅጹ ላይ አመልክቶ ማስረጃውን ለቢሮው ካቀረበ፣ ያለ ወላጅ መረጃ ሊታይለት ይችላል።

ሌላው የገቢው ዓመት ነው። ለ2026–27 የሚታየው የ2024 ገቢ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ የቀረበት ወይም ሰዓቱ የተቀነሰበት ሰው በአሮጌው ገቢ ይለካና ብዙ ገንዘብ ያጣል። መፍትሔው ፕሮፌሽናል ጀጅመንት ይባላል። ከሥራ የተሰናበታችሁበትን ደብዳቤና የቅርቦቹን የደሞዝ ወረቀቶች ይዛችሁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ገብታችሁ በስሙ ጠይቁት። ቢሮው በራሱ ተነሳስቶ አይሠራላችሁም።

ከኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ፔል አይሰጠውም። ኮሌጁ ዲግሪውን ባይቀበለው እንኳ ደንቡ እንደ ዲግሪ ይቆጥረዋል። «ዲግሪ የለኝም ብለህ ሙላ» የሚል ምክር ይሰማል፤ በፍጹም አትስሙት። የፈረማችሁበት የፌዴራል ቅጽ ነው፤ ገንዘቡን ያስመልሳል፣ ያስቀጣልም። የሚጠቅመው ሌላ ነው። ትራንስክሪፕቱን እንደ ደብሊው ኢ ኤስ ባለ ገምጋሚ ድርጅት ኮርስ በኮርስ ማስገምገምና ያለፋችሁባቸውን ኮርሶች ኮሌጁ እንዲይዝላችሁ መጠየቅ። ትራንስክሪፕት ከአገር ቤት እስኪላክ ስለሚዘገይ ከምዝገባው አስቀድሞ ይጀመር።

አድቫይዘር (የትምህርት አማካሪ) ጋ ባዶ እጄን አልገባም። ዲግሪ ኦዲት የሚባለውን፣ የትኛው ክላስ እንደተሟላና የቱ እንደቀረ የሚያሳየውን ገጽ አትሜ፣ የሥራ ሰዓቴንና ልሻገርበት ያሰብኩትን ዩኒቨርሲቲ ስም ጽፌ ነው የምገባው። ጥያቄው «ምን ልውሰድ?» ከሆነ መልሱም ጥቅል ይሆናል። «ይህ ክላስ ለዲግሪዬ ይቆጠራል? ለዚያ ዩኒቨርሲቲስ? በሚቀጥለው ሰሚስተር ይሰጣል?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ሰውየው ኮምፒውተሩን ከፍቶ ያጣራል። ስወጣ የተስማማንበትን በአጭር ኢሜይል እልክለታለሁ፤ አድቫይዘር ቢቀየር የተባለው በጽሑፍ ይኖራል። ምዝገባ ሲደርስ ወረፋው ስለሚበዛ ኦክቶበር ወይም ማርች ላይ ቀጠሮ ያዙ፤ ያኔ ረጋ ብሎ ያነጋግራል።

ስንት ክሬዲት (የክላስ ክብደት መለኪያ) መውሰድ እንደሚገባ ስሌት ይፈልጋል። ለአንድ ክሬዲት ክፍል ውስጥ 1 ሰዓት፣ ከክፍል ውጭ 2 ሰዓት ያዙ። 12 ክሬዲት በሳምንት 36 ሰዓት ማለት ነው፤ 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ድምሩ 76 ይሆናል። ስለዚህ ሙሉ ሰዓት ለሚሠራ ከ6 እስከ 9 ክሬዲት ይበቃዋል፤ ፔልም መጠኑ ቀንሶ ይከፈላል። በክሬዲት የሚሰጡ የእንግሊዝኛ ክላሶችም የፔልን ዕድሜ ይበላሉ፤ ፔል በዕድሜ ልክ የሚሰጠው ለ12 የሙሉ ጊዜ ሰሚስተር ያህል ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ገና ጀማሪ የሆነ ሰው በነፃ ወይም በትንሽ ዋጋ በሚሰጡት የጎልማሶች ክላሶች ቢጀምር ይሻለዋል።

ቱተሪንግ (የጥናት እገዛ) ላይ ይሉኝታ ይዞን ብዙ እናጣለን። ቱተር ደካማ ተማሪ የሚሄድበት ይመስለናል፤ ኤ የሚያመጡት ግን እዚያ ቁጭ ብለው ነው የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት። ለሒሳብና ለአናቶሚ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ቋሚ ሰዓት መያዝ ጥሩ ነው። ፈተና ሲደርስ ቦታ ይጠፋል፣ በአንድ ቀንም የአምስት ሳምንት ትምህርት አይጠገንም። ራሳችሁ ሞክራችሁ የተቀየዳችሁበትን መስመር አሳዩ፤ ባዶ ወረቀት ይዞ ለመጣ ቱተሩ ከመጀመሪያው ሲያስረዳ ሰዓቱ ያልቃል።

ራይቲንግ ሴንተር የተባለው የጽሑፍ እገዛ ቢሮ ደግሞ አሠራሩ ይለያል። ሰዋስው አርመው የሚመልሱለት የሚመስለው ሰው ተናዶ ይወጣል። እነሱ የሚያዩት ጽሑፉ የተጠየቀውን መመለሱን ነው። ስለዚህ መምህሩ የሰጠውን የጥያቄ ወረቀትና የነጥብ አሰጣጡን ከረቂቁ ጋር ይዛችሁ ሂዱ፤ ከማስረከቢያው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይሁን፣ አለዚያ የተነገራችሁን ለማስተካከል ጊዜ አይኖርም። እኛ አማርኛ ስንጽፍ ነጥባችንን ዙሪያውን አዙረን መጨረሻ ላይ ማሳረፍ እንወዳለን፤ እዚህ መምህሩ ዋናውን ሐሳብ በመጀመሪያው አንቀጽ ይፈልጋል። እኔን ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ዋና ሐሳቤ የቱ ዐረፍተ ነገር ላይ ነው? ጣትዎን ያሳርፉበት።» አንባቢው ካላገኘው ጽሑፉ እንደገና ይጻፋል።

ድጋፎቹ አንድ ላይ ሲሰጡ ለውጥ እንደሚያመጡ የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ (ኩኒ) በ2007 የጀመረው አሳፕ የተባለ ፕሮግራም አሳይቷል። ተማሪው ሙሉ ጊዜ ይማራል፣ አድቫይዘሩን አዘውትሮ ያገኛል፣ የመጓጓዣ ካርድና የመጽሐፍ እርዳታ ይሰጠዋል፣ የሚጎድል ክፍያ ይሸፈንለታል። በዕጣ ተመድቦ በተደረገ ጥናት ከፕሮግራሙ ተማሪዎች 40 በመቶ ያህሉ በ3 ዓመት ሲመረቁ ከሌሎቹ የተመረቁት 22 በመቶ ገደማ ነበሩ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ኮሌጃችሁ ከሌለው ትሪዮን ጠይቁ። ትሪዮ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ፣ ወላጆቹ የአራት ዓመት ዲግሪ ለሌላቸው ወይም አካል ጉዳት ላለበት ተማሪ የተዘጋጀ የፌዴራል ድጋፍ ነው። ቦታው ውስን ስለሆነ ገና ስትገቡ ማመልከት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው እርዳታውን የሚያጣው ሳያውቀው ነው። ኮሌጁ በየጊዜው የሚቆጥረው ሳፕ የሚባል መለኪያ አለ፤ በአብዛኛው ጂፒኤ 2.0፣ ከተመዘገባችሁበት ክሬዲት ደግሞ 67 በመቶውን ማለፍ። 12 ክሬዲት ተመዝግቦ ባለ 4 ክሬዲቱን ባዮሎጂ በደብሊው (ክላስ መቋረጡን በሚያሳይ ምልክት) የተወ ሰው 8 ከ12 አለው፤ ይህ 66.7 በመቶ ነው። የሚያጠጋጋ ኮሌጅ ያሳልፈዋል፣ የማያጠጋጋው ያስጠነቅቀዋል። ደብሊው ጂፒኤን አይነካም ሲባል ሰው እዚህ ላይ ይዘናጋል። ክላሱን ገንዘብ በሚመለስበት የድሮፕ ቀን ውስጥ መጣልና ከዚያ በኋላ ዊዝድሮ ማድረግ (በደብሊው ማቋረጥ) የተለያዩ ናቸው፤ ሁለቱንም ቀኖች ሰሚስተሩ ሲጀምር ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ሁሉንም ክላስ ከሰሚስተሩ 60 በመቶ በፊት ያቋረጠ ደግሞ የፌዴራሉ ገንዘብ ከፊሉ ተመልሶ ኮሌጁ ዕዳ ያስከፍለዋል። በ15 ሳምንት ሰሚስተር ይህ እስከ 9ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ዝም ብሎ መቅረትም እንደ ማቋረጥ ይቆጠራል።

እርዳታው ከተቋረጠ አፒል (ይግባኝ) አለ። ደብዳቤው ምን እንደደረሰ፣ ማስረጃውን፣ አሁን ምን እንደተለወጠና በሚቀጥለው ሰሚስተር የሚወሰዱትን ክላሶች ይያዝ። ልመና ብቻ የሆነ ደብዳቤ አያልፍም፤ የሐኪም ወረቀትና በአድቫይዘር የተፈረመ እቅድ ያለው የማለፍ ዕድል አለው።

የምግብ ማከፋፈያና የአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብም አለ። መኪና ተበላሽቶ ወይም ኪራይ ጎድሎ ክላስ ከመተው በፊት የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮን ጠይቁ። የጤና ወይም የመማር ችግር ያለበት የሐኪም ማስረጃ አቅርቦ የፈተና ሰዓት ሊጨመርለት ይችላል፤ ኮሌጁ የሚሰጠውን የፈቃድ ደብዳቤ በየሰሚስተሩ ለመምህሩ መስጠት አለበት፣ ላለፈ ፈተናም ወደ ኋላ አይሠራም።

ለመሻገር ያሰበ ከመጀመሪያው ሰሚስተር ጀምሮ የዲግሪውን ዓይነት ይመልከት። አፕላይድ ሳይንስ የሚለው ዲግሪ ለሥራ የተዘጋጀ ስለሆነ ሁሉም ክሬዲት ላይሻገር ይችላል። ነርሲንግ የሚፈልግም ኮሌጅ መግባትና ነርሲንግ ፕሮግራም መግባት ሁለት ማመልከቻ መሆኑን ይወቅ። በሜሪላንድ አርትሲስ የተባለው ድረ ገጽ የትኛው ክላስ የት እንደሚቆጠር ያሳያል፤ በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ (ኖቫ) እና በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው አድቫንስ ፕሮግራም የሁለቱን ክላሶች አስቀድሞ ያገናኛል። የየክላሱን ሲለበስ (የትምህርቱን ዝርዝር መግለጫ) በፒዲኤፍ አስቀምጡ፤ ዩኒቨርሲቲው አንድ ክላስ አልቀበልም ሲል የምታቀርቡት ማስረጃ እሱ ነው፣ ሰሚስተሩ ካለቀ በኋላ ከኮሌጁ ድረ ገጽ ሊጠፋ ይችላል።