ቅጠል ስንለቅም

መጋቢት 11 ቀን 2017፣ ስቶክሆልም

ዛሬ የኢራኖች አዲስ ዓመት ነው። ኖውሩዝ ይሉታል። ትናንት ከሥራ ስመለስ ጎረቤቴ ደረጃው ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ ነይ አግዢኝ» አሉኝ። ገባሁ። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ በቅጠል ተሸፍኗል። ድንብላል፣ ፐርሰሜሎ፣ እንስላል የሚመስል ነገር፣ የአብሽ ቅጠል። አብሽን በፍሬው እንጂ በቅጠሉ አላውቀውም ነበር። ሳሸተው ግን የእናቴ ጓዳ ትዝ አለኝ። ይሄ ሁሉ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ተከትፎ ከሩዝ ጋር ይበስልና ለበዓሉ ከዓሳ ጋር ይቀርባል። ሁዳዴ ላይ መሆኔን ስለሚያውቁ የኔን ያለ ዓሳ፣ በዘይት ብቻ እንደሚሠሩልኝ ገና ሳልቀመጥ ነገሩኝ።

ቅጠል ለቀማ ኢራን ውስጥ የሴቶች ጉባኤ ነው። እህትማማች፣ ጎረቤት፣ አማትና ምራት መሬት ላይ ጨርቅ አንጥፈው ይቀመጣሉ። እጅ ይሠራል፣ አፍ ያወራል። እኛ በርበሬ ስንቀነጥስ እንደምንሆነው። ማን ታጨች፣ ማን ተፋታች፣ የማን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሕፃን ሆኜ የሰፈራችንን ነገር ሁሉ የሰማሁት በርበሬ ቅንጠሳ ላይ ስለሆነ እዚያ ጠረጴዛ ላይ እንግድነት አልተሰማኝም።

ጎረቤቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ቴህራን ውስጥ በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምሩ ነበር። አሁንም አልተውም፣ ቅጠል እየለቀሙ ያስተምራሉ። ትናንት የጀመሩት ከፐርሴፖሊስ፣ ከጥንታዊቷ የፋርስ ነገሥታት ከተማ ነው። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እኔ ስለ ፐርሴፖሊስ የማውቀው በ1971 የኢራኑ ንጉሥ፣ ሻሁ፣ እዚያ ባዘጋጁት የ2,500 ዓመት በዓል ላይ ጃንሆይ መገኘታቸውን ብቻ ነበር። ጎረቤቴ ግን የነገሩኝ ስለ ነገሥታት አይደለም። በ1930ዎቹ እዚያ ፍርስራሽ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ የሸክላ ጽላቶች ተገኝተዋል። የቀለብ መዝገብ ናቸው። በጥንቱ የፋርስ ንጉሥ በዳርዮስ ዘመን ለየትኛው ሠራተኛ ስንት እህል፣ ስንት ወይን እንደተሰፈረለት የተጻፈባቸው። ሴቶች ሠራተኞች አሉበት። ብዙ ቀለብ የሚሰፈርላቸው የሴቶች አለቆችም አሉበት። አራስ ደግሞ ተጨማሪ ይሰጣታል፤ ወንድ ልጅ የወለደችው ግን ሴት ልጅ የወለደችውን እጥፍ ታገኛለች። እዚህ ላይ እጃቸው ቆመ። «አየሽ፣ ያኔም!» አሉኝ። እኔም እኛ ዘንድ ወንድ ሲወለድ እልልታው እንደሚበዛ ነገርኳቸው። ለትንሽ ጊዜ ሁለታችንም ዝም ብለን ቅጠሉን ለቀምን።

ከዚያ አያታቸውን አነሱ። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

አያታቸው የካሻን ሰው ናቸው። ካሻን የጽጌረዳ ውሃ የሚወጣበት አገር ነው፣ ጎረቤቴ ዛሬም ጣፋጭ ሲሠሩ ጠብ ያደርጉበታል። በጥር 1936 ያኔ የነገሠው ሬዛ ሻህ፣ የ1971ዱ ሻህ አባት፣ ሴት ሁሉ መሸፈኛዋን እንድታወልቅ አዘዘ። ሚስቱንና ሴት ልጆቹን ሳይሸፈኑ ቴህራን ውስጥ አደባባይ አወጣቸው፣ ሥልጣኔ ነው ተባለ። በየከተማው ግን ፖሊሶች ቻዶር የለበሰች ሴት ሲያዩ ከላይዋ ላይ ይገፍፉ ነበር። ቻዶር ከአናት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍነው ሰፊው ጨርቅ ነው። ለአያታቸው ያለሱ መንገድ መውጣት ራቁት ከመውጣት አይለይም። ስለዚህ ቤት ዋሉ። አንድ ወር አይደለም፣ ዓመታት። ገበያ ቀረ፣ ለቅሶ ቀረ። ችግሩ ገላ መታጠብ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ቤት ውስጥ መታጠቢያ የለም፣ የሚኬደው ሐማም ነው። ካሻን ውስጥ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ፣ ጣሪያቸውም ጠፍጣፋ ስለሆነ አያታቸው በጨለማ ከጣሪያ ጣሪያ እየተሻገሩ ሐማም ይሄዱ ነበር። ነፍሰ ጡር ሆነው ጭምር። ሬዛ ሻህ በ1941 ከሥልጣን ሲወርድ ነገሩ ረገበ፣ አያታቸውም ቻዶራቸውን ለብሰው በቀን ብርሃን ወጡ።

ኢንተርኔት ላይ በየጊዜው የምትዞር አንድ ዓይነት ፎቶ አለች። የ1970ዎቹ ቴህራን፣ አጭር ቀሚስ የለበሱ ቆንጆ ልጆች፣ ከሥሩ «ኢራን ድሮ» ተብሎ። እኔም አንዴ አጋርቼው ነበር። ትናንት ግን ያ ፎቶ አያትየውን እንደማያውቃቸው ገባኝ። ውሸት ነው አይባልም፣ ጎረቤቴ ራሳቸው ያኔ እንደዚያ ይለብሱ ነበር። ሴቶች በ1963 የመምረጥ መብት አገኙ፣ በ1968 ፋሮኽሩ ፓርሳ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ፣ በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር ናቸው። ሻሁን ከጣለው የ1979 አብዮት በኋላ፣ በ1980፣ ተፈርዶባቸው ተገደሉ። ጎረቤቴ የሳቸውን ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ይቀንሳል።

በ1979 አብዮቱ ገና ወር ሳይሞላው ሴቶች መሥሪያ ቤት ተሸፍነው ይምጡ የሚል ነገር ተሰማ። በማግሥቱ ማርች 8 ነበር። በረዶ ይጥላል። በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ወጡ፤ ነርሶች፣ ተማሪዎች፣ ጸሐፊዎች፣ አስተማሪዎች። ሰልፉ ለቀናት ቀጠለ። በዳር የቆሙ ወንዶች «ያ ሩሳሪ፣ ያ ቱሳሪ» እያሉ ይጮኹባቸው ነበር። ወይ ሻሽ፣ ወይ አናትሽን ትመቺያለሽ ማለት ነው፣ በነሱ ቋንቋ ቤት ይመታል። ጎረቤቴ ያን ቀን ከቤት ሲወጡ እናታቸው ከለከሏቸው። አያታቸው ግን፣ ያኔ ቴህራን ከነሱ ጋር ነበር የሚኖሩት፣ ቻዶራቸውን እንደለበሱ እስከ በሩ ሸኟቸውና «ሂጂ» አሏቸው። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ይህችን «ሂጂ» ከትናንት ጀምሮ እያሰብኩ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሸፈኑ አሮጊት፣ ጸጉሯ የተገለጠ የልጅ ልጃቸውን አልሸፈንም ለማለት ወደ በረዶው ሲልኩ። ማንም ከላይዋ ላይ እንዳያወልቅባት የፈለገች ሴት ማንም እንዲጭንባትም አትፈልግም። ይሄን ለመረዳት ታሪክ መማር አያስፈልግም፣ በጣሪያ ላይ ሐማም መሄድ ይበቃል።

አልተሳካም። መጀመሪያ በመሥሪያ ቤት፣ ከዚያ በ1983 በሕግ ግዴታ ሆነ። ቅጣቱ እስከ 74 ጅራፍ ነበር። ጎረቤቴም ተሸፍነው ጥቂት ዓመት አስተማሩና ወደዚህ ተሰደዱ።

ሌላም ሌላም አወራን። የኢራን ሴት ስታገባ የአባቷን ቤት ስም እንደያዘች እንደምትቀር። እኛም እንደዚያው ነን ስላቸው ደስ አላቸው። ያገባች ሴት ግን ፓስፖርት ለማውጣት የባሏ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ትዳር ሲያስር ወንዱ ሊሰጣት የሚፈርመው መህርየ የሚባል ንብረት አለ፣ ብዙ ጊዜ በወርቅ ሳንቲም ነው። ፍቺ አልሰጥም ሲላት ያንን ትታለት ትወጣለች። አባባልም አላቸው፤ «መህሬ ላንተ ይሁን፣ ነፍሴ ነፃ ትውጣ» ዓይነት ነው።

በ2022 መስከረም ላይ የ22 ዓመቷ ማህሳ አሚኒ በአለባበሷ ተይዛ ሞተች። ያን ጊዜ ጎረቤቴ በሩን አንኳኩተው ሲገቡ ጸጉራቸው በመቀስ ተቆርጦ ነበር፣ አንዱ ጎን አጭር፣ አንዱ ጎን ረጅም። ደነገጥኩ። በሻህናሜ፣ በፋርሶች የድሮ የነገሥታት ታሪክ ግጥም ውስጥ፣ ፋራንጊስ ባሏ ሲያቩሽ ሲገደል ጸጉሯን ቆርጣ ወገቧን ታስርበታለች፣ የድሮ የሐዘን ወግ ነው አሉኝ። እኛም ሰው ሲሞትብን ጸጉራችንን እንላጭ ስለነበር ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ወንበር ላይ አስቀምጬ አስተካከልኩላቸው። ቴህራን ያለችው የእህታቸው ልጅም ያኔ ጸጉሯን ቆርጣ ነበር።

ዛሬ ጠዋት የሥራ ፈረቃዬ ከሰዓት ስለሆነ ወጥቼ ቤታቸው ሄድኩ። ጠረጴዛው ተሰናድቷል። ሰሃን ላይ የበቀለ ስንዴ፣ ፖም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮምጣጤ፣ በፋርስኛ ስማቸው በ«ሰ» የሚጀምር ሰባት ነገር። ከስንዴ ብቅል የሚሠራው ሳማኑም አለ፣ ጥሩ ነው፣ ያለ ስኳር ይጣፍጣል። ዓመቱ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ቅጽበት ነው። ዘንድሮ እዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ1 ደቂቃ፣ ቴህራን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ሆነ። ቴህራን ያሉት እህታቸው በቪዲዮ ደወሉላቸው። እህትየው ነጠላ የመሰለ ነጭ ሻሽ ሸብ አድርገዋል፣ ወደውት ነው፣ ድሮም ይለብሳሉ። ልጃቸው ከኋላ ሳህን ይዛ አለፈች። ዳቦ ለመግዛት ወጥታ መመለሷ ነው፣ አንገቷ ላይ እንኳ ሻሽ የለም።

ጎረቤቴ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና በፋርስኛ አንድ ነገር አሏት። ልጅቷ ሳቀችና ጀርባዋን አዙራ አሳየቻቸው። ምን እንዳሏት ጠየቅኳቸው።

«ጸጉርሽ ወገብሽ ደረሰ አልኳት።»