የሄዲንግሊው ሚስማር ተራ

ራግቢ ሊግን የተዋወቅኩት ከምሰሶ ጀርባ ሆኜ ነው።

ጊዜው 2013 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ)። ሰሜን እንግሊዝ፣ ሊድስ ከተማ ከገባሁ ሁለት ዓመቴ። መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት። ሰባን የተሻገሩ አንድ ጎረቤት አሉኝ። አንድ አርብ ማታ በሬን አንኳኩ። "ልጄን አሞታል፣ ትኬቱ ተርፏል። ትመጣለህ፣ ላቭ?" አሉኝ። ዮርክሻየር ውስጥ ሽማግሌውም፣ የአውቶቡስ ሹፌሩም፣ ዳቦ ሻጯም ሰውን ሁሉ "ላቭ" ነው የሚሉት። ያኔ ግን ገና አልለመድኩትም። ደንገጥ ብዬ እሺ አልኩ።

የሄድነው ወደ ሄዲንግሊ ነው፣ የከተማው ራግቢ ክለብ የሊድስ ራይኖስ ሜዳ። ቦታቸው ደግሞ ሳውዝ ስታንድ፣ የደቡቡ ትሪቡን። ከጎኑ ቅዱስ ሚካኤል ሌን የሚባል መንገድ አለ፣ ከመንገዱ ማዶ ተያይዘው የተሠሩ የቀይ ጡብ ቤቶች። የስታዲየሙ ጀርባ የሰው ሳሎን መስኮት ላይ ነው የሚያፈጠው። ስንገባ ወንበር የለም። የሲሚንቶ ደረጃ፣ የብረት መደገፊያ፣ ከላይ ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጣሪያውን የተሸከሙ ምሰሶዎች። ሽማግሌው ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚቆሙባት አንዲት ቦታ አለቻቸው። መደገፊያው ላይ ክርናቸውን የሚያሳርፉበት ጋ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ እንደ ማንኪያ ያብለጨልጫል። እሳቸው እዚያ ቆሙ። እኔ የልጃቸው ቦታ ላይ፣ ከምሰሶው ጀርባ። ግማሹን ጨዋታ አላየሁም። በሕዝቡ ጩኸት ነው የተከታተልኩት።

ያየሁትም ቢሆን አልገባኝም። ዐሥራ ሦስት ሰው በዐሥራ ሦስት ሰው ላይ ይወድቃል። ኳስ የያዙት ስድስት ጊዜ መሬት ላይ ከተጣሉ ኳሱን ያስረክባሉ። ወደ ፊት በእጅ ማቀበል ክልክል ነው። የቀረውን ከዓመታት በኋላ ነው የተረዳሁት።

ቦታውን ግን ወዲያው አወቅኩት። አዲስ አበባ ስታዲየም ያደገ ሰው እንዴት ያጣዋል? እኛም ክቡር ትሪቡን፣ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ዳፍ ትራክ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ ብለን ስም አውጥተን አልነበር? ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ማንነቱን ይናገር አልነበር? ሳውዝ ስታንድ የሄዲንግሊ ሚስማር ተራ ነው። ስድቡም ቀልዱም ዘፈኑም የሚነሣው ከዚያ ነው። ለሊድስ የሚጮኸው ሁሉ ከዚያ ይጀምርና ወደ ሌላው ይዛመታል።

2017 ላይ ሊያፈርሱት ነው ተባለ።

ጎረቤቴ ወሬውን ሲነግሩኝ የሞተ ዘመድ የሚያረዱ ይመስሉ ነበር። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ ብዙም አልገረመኝም። ስታዲየሙ 1890 የተከፈተ ነው። ፊት ለፊት ያለው የሰሜኑ ትሪቡን 1932 ላይ ከሃሊፋክስ ጋር ጨዋታ እየተካሄደ በእሳት ወድሟል። በምትኩ የተሠራውም እስከ 2018 ድረስ ሰማንያ ስድስት ዓመት አገልግሏል። ሳውዝ ስታንድም የ1930ዎቹ ሥራ ነው። በ1947 ብራድፎርድ ኖርዘርን ሲመጣ 40,175 ሰው የገባበት ሜዳ ዛሬ ከ20 ሺህ በታች ነው የሚይዘው። ሰው ጠፍቶ አይደለም። የድሮው አቆጣጠርና የዛሬው የደኅንነት ሕግ አይገናኙም።

ይህ ጉዳይ የሊድስ ብቻ አይደለም። የሰሜን እንግሊዝ ራግቢ ሊግ ሜዳዎች ብዙዎቹ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። በ1895 ሃደርስፊልድ ጆርጅ ሆቴል ውስጥ የሰሜን ክለቦች ከራግቢው ማኅበር ተገንጥለው ወጡ። ምክንያቱ የሚገርም ነው። ተጫዋቾቹ የከሰል ማዕድንና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ለጨዋታ ሲወጡ የቀን ደመወዝ ይቀርባቸዋል። ክለቦቹ የቀረባቸውን እንካሳቸው አሉ፣ የደቡብ ጌቶች እንቢ አሉ። ተለያዩ። ስለዚህ ሜዳዎቹ የተሠሩት ሠራተኛው የሚኖርበት ሰፈር መሀል ነው፣ ከፋብሪካው ወጥቶ በእግሩ እንዲመጣ። ፋብሪካው ተዘጋ፣ ማዕድኑ ተዘጋ፣ ሜዳው ቀረ። አርጅቶ፣ ዝጎ፣ መኪና ማቆሚያ የሌለው።

ክለቦቹ ምን አደረጉ? አንዳንዱ ሸጦ ወጣ። ዊጋን ሴንትራል ፓርክን 1999 ላይ ለቀቀ፣ ዛሬ ቦታው ላይ ቴስኮ ሱፐርማርኬት አለ። በ1959 ከ47 ሺህ በላይ ሰው የተጨናነቀበት ሜዳ ላይ አሁን ወተትና ሽንኩርት ይሸጣል። ሳልፎርድ 2012 ላይ ዊሎውስን ትቶ አውራ ጎዳና ዳር ወዳለው ባርተን ሄደ። እዚያ በመኪና ትመጣለህ፣ ታያለህ፣ በመኪና ትሄዳለህ። ጎረቤቴ "ኤርፖርት ነው እንጂ ሜዳ አይደለም" ይላሉ።

ሴንት ሄለንስ ግን አፋቸውን አስያዛቸው። የእነሱ ኖውስሊ ሮድ 1890 የተከፈተ ነው፣ ልክ እንደ እኛው። 2010 ላይ ተሰናበቱት። 2011ን ዊድነስ ሜዳ ላይ በደባልነት አሳለፉ። 2012 ላይ 18,000 ሰው የሚይዘው አዲሱ ስታዲየም ገቡ። አብረን ሄደን አይተነዋል። የቆመው የድሮ መስታወት ፋብሪካ ቦታ ላይ ነው፣ ከከተማው መሀል በእግር ድልድይ ተሻግረህ ትገባለህ። ድልድዩ በሟቹ ተጫዋቻቸው በስቲቭ ፕሬስኮት ስም ነው የተሰየመው። ሽማግሌው ሊያጣጥሉ ነበር የመጡት። እረፍት ላይ ሽንት ቤት ደርሰው በሦስት ደቂቃ ተመለሱና ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው "ሰልፍ የለም" አሉኝ። ከሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ስለዚህ እኔ የመጣልኝ ሐሳብ ይሄ ነው። ጥፋቱ መፍረሱ አይደለም፣ ሰውን ከእግር መንገዱ ማራቁ ነው። አሮጌ ሜዳ ወድጄ አሮጌ ሽንት ቤት አልወድም። ሚስቴ አንድ ቀን መጥታ የሴቶቹን ሰልፍ ካየች በኋላ አምስት ዓመት አልተመለሰችም።

ወደ ሄዲንግሊ ልመለስ። የተጨነቅነው አንድ ነገር ነበር፣ በወንበር ይሞሉታል ብለን። እግር ኳሱ ላይ ያየነው ነው። በ1985 ብራድፎርድ ከተማ ውስጥ የእንጨት ትሪቡን ተቃጥሎ 56 ሰው ሞተ፣ ከወለሉ ሥር ለዓመታት የተጠራቀመ ቆሻሻ ነበር እሳቱን የያዘው። በ1989 ሸፊልድ ከተማ ሂልስቦሮ ስታዲየም ላይ የሕዝብ መጨናነቅ ደረሰ፣ ጥፋቱ የ97 ሰው ሕይወት በላ። ከዚያ በኋላ የእግር ኳሱ ትልልቅ ሜዳዎች ሁሉ ወንበር ሆኑ። ራግቢ ሊግን ግን ያ ግዴታ አልነካውም። የደኅንነት ፈቃድ አለ፣ የሰው ቁጥር ተገድቧል፣ መቆም ግን አልተከለከለም። ይህን ነገር ብዙ የሀበሻ ጓደኞቼ አያምኑኝም።

ሄዲንግሊዎች ብልህ ነበሩ። አዲሱን ሳውዝ ስታንድ ሲሠሩ ከላይ ከ2,200 በላይ ወንበር አደረጉ፣ ከታች ከ5,000 ለሚበልጥ ሰው መቆሚያ ተዉ። በዚህ ዘመን፣ በአዲስ ሲሚንቶ፣ አውቀው መቆሚያ ሠሩ! ሰሜኑ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ከጀርባው የክሪኬት ሜዳ አለ። ስለዚህ አንድ ሕንፃ ሁለት ፊት አለው፣ በዚህ በኩል ራግቢ ታያለህ፣ በዚያ በኩል ክሪኬት። ሥራው በጠቅላላ ከ40 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ፈጅቷል። ክሪኬቱ ባይኖር ገንዘቡ ይገኝ ነበር ብዬ አላስብም፣ ትልልቅ የክሪኬት ግጥሚያዎችን ላለማጣት የግድ መታደስ ነበረበት። እኛ በክሪኬቱ ጀርባ ታዝለን ነው የተሻገርነው።

ግንባታው ሲካሄድ፣ 2018 መጀመሪያ ላይ፣ ሊድስ አንዳንድ የሜዳውን ጨዋታ ኤላንድ ሮድ፣ የእግር ኳሱ ስታዲየም ላይ ተጫወተ። ጎረቤቴ አልሄዱም። "ልደቴን ሰው ቤት አላከብርም" አሉ።

ይህች አባባላቸው አገር ቤትን አስታወሰችኝ። አዲስ አበባ ስታዲየም በ1962 ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣንበት ነው። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 2022፣ ያንኑ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ "ሜዳችን" ሊሎንግዌ ነበር፣ ማላዊ። የኛው ስታዲየሞች መስፈርት አላሟሉም ተብሎ። ያን ጨዋታ መጋዘኑ የሻይ ክፍል ውስጥ በስልክ ነው ያየሁት። ደስ አለኝ፣ ግን የሆነ ነገር ጎደለኝ። ልደታችንን ሰው ቤት አከበርን።

ከሊድስ ብዙ የማይርቀው ዌክፊልድ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የዌክፊልድ ትሪኒቲ ሜዳ ቤል ቩ ከ1890ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። ክለቡ አዲስ ስታዲየም ሊያገኝ ነው ሲባል ስንት ዓመት! ከአውራ ጎዳናው አጠገብ ኒውማርኬት በሚባል ቦታ ትልቅ ልማት ታቀደ፣ በ2012 የመንግሥት ፈቃድ አገኘ። ስምምነቱ ግን ቀዳዳ ነበረው። ስታዲየሙ የሚሠራው የመጋዘኖቹ ስፋት የተወሰነ መጠን ሲደርስ ነው ይላል። መጋዘን ተሠራ። ይሄ በሌላ ፈቃድ ስለሆነ አይቆጠርም ተባለ። ስታዲየሙ ሳይሠራ ቀረ። እኔ መጋዘን እንጀራዬ ነው፣ በመጋዘን አልፈርድም። ግን የዌክፊልድ ሰው ያንን መንገድ ሲያልፍ ምን እንደሚሰማው ይገባኛል።

በመጨረሻ ያለውን ማደስ ተሻለ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ቤል ቩ ላይ የምሥራቁን ትሪቡን አፍርሰው አዲስ ሠሩ፣ 2024 ላይ ተከፈተ። አሁን ደግሞ የራግቢ ሊጉ ከፍተኛ ውድድር ሱፐር ሊግ ለመግባት ክለቦች ከ20 ነጥብ ይመዘናሉ፣ ከዚያ ውስጥ 3ቱ የስታዲየም ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን ተበልጦ የሚቀረው ክለብ በነጥብ ክፍልፋይ ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ ሁሉም ትልቅ ስክሪን ይሰቅላል፣ ወንበር ይቀይራል፣ ፓውዛ ያድሳል። ካስልፎርድም ከ1927 ጀምሮ የሚጫወትበትን ዌልደን ሮድን ሊያድስ ነው እየተባለ ስንት ዓመት ሆነው። እዚያ የቆምኩ ቀን ዝናቡ በጎን መጣ፣ ጃኬቴ ውስጥ ገብቶ ካልሲዬ ውስጥ ወጣ። ድባቡ ግን! ከሜዳው ጋር ያለህ ርቀት የአንድ ክንድ ነው፣ ተጫዋቹ ሲተነፍስ ትሰማለህ።

አዲሱ ሳውዝ ስታንድ 2019 ላይ ሲከፈት አብረን ገባን። ሽማግሌው ወደ ጨዋታው አላዩም። ከአሮጌው ጥግ ስንት እርምጃ እንደነበር ያውቁታል፣ እየቆጠሩ ሄዱ። ቆሙ። ተጠራጠሩ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ተንቀሳቀሱ። አዲሱን መደገፊያ በመዳፋቸው አሹት። "ይቀዘቅዛል" አሉ። ከዚያ ክርናቸውን አሳረፉበትና ዳኛውን መሳደብ ጀመሩ።

ጥር 2020 ላይ የሊድስ ኮከብ የነበረው ሮብ በሮው፣ ሞተር ኒውሮን በሚባለው የነርቭ ሕመም ተይዞ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሜዳ የገባ ቀን ያቺው ቦታ ላይ ነበርን። ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 የሆነ ያ ትንሽ ሰው ሲገባ መቆሚያው ሁሉ ዝም አለ፣ ከዚያ ፈነዳ። ያን ቀን ሽማግሌው ሲያለቅሱ አይቻለሁ፣ አላየሁም ብያቸዋለሁ።

ጉልበታቸው ቀዶ ጥገና ከተደረገ በኋላ ግን መቆም አልቻሉም። አሁን ከላይ ናቸው፣ ወንበር ላይ፣ በሊፍት ነው የሚወጡት። የድሮው ቢሆን ኖሮ ቤታቸው ቀርተው ነበር። ይህን ስነግራቸው ወሬ ይቀይራሉ፣ ስለ ሻይው ዋጋ ያወራሉ። እኔና ልጄ ታች፣ ቦታቸው ላይ እንቆማለን። ልጄ ክርኑ መደገፊያው ላይ አይደርስም፣ አገጩን ነው የሚያሳርፈው።

ባለፈው አርብ አንድ ኳስ በእጅ ወደ ፊት ተላልፎ ዳኛው ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ። ስልኬ ጮኸ። ከላይ ናቸው።

"ላቭ፣ አሁን እንኳ ምሰሶ የለ። ምን ጋረደህ?"