ግሎባል ሰርጀሪን የጀመርኩት ከመዝገብ ደብተር ነው

ተማሪ ሳለሁ ግሎባል ሰርጀሪ፣ ማለትም ቀዶ ሕክምናን በዓለም ላለ ሰው ሁሉ የማዳረስ ሥራ፣ ሐኪም ወደሌለበት ቦታ ሄዶ፣ ሁለት ሳምንት ኦፕሬሽን ሠርቶ መመለስ ይመስለኝ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ሪፖርት ነው። በዓለም ላይ 5 ቢሊዮን ሰው ደህንነቱ የተጠበቀ፣ አቅሙ የሚፈቅደው ቀዶ ሕክምናና ሰመመን አያገኝም ይላል። በየዓመቱ ተጨማሪ 143 ሚሊዮን ኦፕሬሽን ያስፈልጋል። ይህ በጉዞ የሚሞላ ጉድለት አይደለም።

ኢንተርን ስሆን አንድ ሲኒየር ሐኪም ዘንድ ሄጄ ምርምር መሥራት እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ትልቅ ርዕስ ይዤ ነበር። እሳቸው የኦፕሬሽን ክፍሉን መዝገብ ሰጡኝ። «አምና ስንት ሰው ኦፕሬሽን ተሠርቶለት ከሆስፒታል ሳይወጣ ሞተ? እሱን ንገረኝ» አሉኝ። ኮሚሽኑ አገሮች እንዲከታተሏቸው ካወጣቸው ስድስት መለኪያዎች አንዱ ይኸው መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ሦስት ወር ፈጀብኝ። ኦፕሬሽኑ ተጽፏል፣ ውጤቱ የለም። የዋርዱ መዝገብ ሌላ፣ የካርድ ቁጥሩም አይገጥምም። ስለዚህ ወደፊት የሚሞላ ቅጽ አዘጋጀሁ፤ ሁለት ገጽ! ማንም አልሞላውም። የዋርዱ ሲስተር «ዶክተር፣ ማታ ለሠላሳ ታካሚ ሁለት ሆነን ተረኛ ስንገባ ይህን መቼ ልሙላው?» አሉኝ። አብረን ቁጭ ብለን ወደ አንድ መስመር አሳጠርነው። ያኔ መሞላት ጀመረ። ከዚህ በወጣው የምርምር ጽሑፍ ላይ የሲስተሯ ስም ከእኔ ስም ጋር ገብቷል፤ የሚገባቸውም ነው።

ድንገተኛ ታካሚዎች ለምን እንደሚዘገዩም ያስረዱኝ ነርሶቹና የሰመመን ባለሙያዎቹ ናቸው። ብዙ ጊዜ የጠፋው ቀዶ ሐኪም አልነበረም። ደም አልተገኘም፣ ሰመመን ሰጪው ሌላ ክፍል ተይዟል፣ ወይ የኦፕሬሽን ዕቃው ገና ከስቴሪላይዘር (ከማምከኛው ማሽን) አልወጣም።

በዚህ መንገድ መሄድ ለምትፈልጉ፦ መጀመሪያ እጃችሁን አሠልጥኑ። ኮሚሽኑ የሆስፒታልን አቅም የሚለካው በሦስት ኦፕሬሽኖች ነው፦ ሆድ መክፈት፣ በኦፕሬሽን ማዋለድና ክፍት ስብራት ማከም። እኔም በሬዚደንሲዬ (በስፔሻሊስትነት ሥልጠናዬ) ሆድ መክፈትንና ክፍት ስብራትን ያለ ማመንታት መሥራት እስክችል ድረስ የምርምር ሰዓቴን ቀንሻለሁ። ስታቲስቲክስ ደግሞ ቀስ እያለ ይለመዳል።

ለሥልጠና ሌላ አገር ስሄድ አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህን ኬዝ የዚያው አገር ሬዚደንት ሊሠራው ነበር ወይ? አዎ ከተባልኩ ረዳት ሆኜ እገባለሁ።